ሮቨር ማርስ ላይ ሲያርፍ ሕዝብ ይህን ያህል መደሰቱ ተገቢ ነውን?

ክርክሩን ያነሳው፦
ኪዩሪዮሲቲ የተባለው የናሳ ሮቨር (በጎማ የሚንቀሳቀስ ሰው አልባ የምርምር ተሽከርካሪ) እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ማርስ ላይ ሲያርፍ፣ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ታይምስ ስኩዌር በተባለው አደባባይ፣ ሰዎች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቆመው በትልቅ ስክሪን ይከታተሉ እንደነበር፣ ማረፉ ሲነገርም በጭብጨባ እንደተቀበሉት እናስታውሳለን። ለተልዕኮው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጥቷል። ሰው መደሰቱን አልነቅፍም፤ ሆኖም መድኃኒት አጥቶ የሚሞት ሕፃን ባለበት ዓለም ይህን ያህል ገንዘብ ድንጋይ ለመመርመር ሲውል ለምን ብሎ የሚጠይቅ መጥፋቱ ልክ አይመስለኝም። ደስታው ጥያቄውን አፍኖታል እላለሁ።

የፊዚክስ መምህሯ፦
ጥያቄዎ ክብደት አለው፤ ነገር ግን ሰዎቹ ያጨበጨቡት ለድንጋይ አልነበረም። ያን ሌሊት የሆነውን አንድ በአንድ ይመልከቱት። 899 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ሮቨር ወደ ማርስ ከባቢ አየር የገባው በሰዓት ከ20,000 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ነው። የማርስ አየር እጅግ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ክብደት ፓራሹት ብቻውን አያሳርፈውም፤ ስለዚህ ፓራሹቱ ከተለቀቀ በኋላ በሮኬት ኃይል አየር ላይ የሚቆም ክሬን ሮቨሩን በናይለን ገመድ አንጠልጥሎ፣ ሰው ከሚራመድበት ባነሰ ፍጥነት፣ በስድስት ጎማዎቹ መሬት አስነካው፤ ገመዱም ተቆርጦ ክሬኑ ርቆ ሄዶ ወደቀ። ይህ ሁሉ የፈጀው ሰባት ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ የሬዲዮ ምልክቱ ምድር ለመድረስ ግን 14 ደቂቃ ገደማ ይወስድበት ነበር። ስለዚህ «ወደ ከባቢ አየሩ ገብቷል» የሚለው መልእክት ለመሐንዲሶቹ በደረሰበት ቅጽበት ሮቨሩ ወይ በሰላም ቆሟል፣ ወይ ተከስክሷል፤ ሊደርስለት የሚችል ሰው አልነበረም። ዓመታት የለፉበትን ሥራ እንዲህ በጭንቀት የጠበቁ ሰዎች ተቃቅፈው ቢያለቅሱ አልፈርድባቸውም፤ እኔም አልቅሻለሁ።

ነርሱ፦
የመድኃኒቱ ነገር በሥራዬ በየቀኑ የማየው ስለሆነ እኔንም ያመኛል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ማርስ ላይ አልተበተነም፤ እዚሁ ምድር ላይ ለዓመታት ለሠሩ መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ደመወዝ ሆኗል። ደግሞስ ተልዕኮው ቢሰረዝ ገንዘቡ ወደ ክሊኒክ እንደሚሄድ ማን ያረጋግጥልናል?

ክርክሩን ያነሳው፦
የደመወዙን መከራከሪያ አልቀበለውም፤ ምክንያቱም ማንኛውም ወጪ፣ ከንቱው ጭምር፣ ለአንድ ሰው ደመወዝ መሆኑ አይቀርም። ወጪ ሊመዘን የሚገባው ባስገኘው ውጤት ነው። የመምህሯ ማብራሪያ ግን ጭብጨባው ለምን እንደነበረ አስረድቶኛል። አሁን የቀረኝ ቅሬታ ሌላ ነው፦ ሕዝቡ ማረፉን አይቶ ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ ሮቨሩ ምን እንዳገኘ የሚከታተለው ጥቂት ነው።

የፊዚክስ መምህሯ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ከእርስዎ ይልቅ የምቆጨው እኔ ነኝ። ኪዩሪዮሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ጌል በተባለው፣ ባረፈበት የማርስ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ከጭቃ የተፈጠረ አለት በመሰርሰሪያው ሲበሳ፣ ላዩ ቀይ የሆነው አለት ከውስጡ ግራጫ ዱቄት አወጣ። ዱቄቱ ሲመረመር፣ በዚያ ሥፍራ በጥንት ዘመን ጨውም አሲድም ያልበዛበት፣ ረቂቅ ሕዋሳት ሊኖሩበት ይችሉ የነበረ ውኃ እንደነበረ ታወቀ። ሮቨሩ የተላከው ይህን የመሰለ መልስ ፍለጋ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን አደባባይ የወጣ ሕዝብ አላየሁም። ኦፖርቹኒቲ የተባለው ሌላው የናሳ ሮቨርም እ.ኤ.አ. በ2004 ሲያርፍ የታሰበለት ለ90 የማርስ ቀናት ብቻ ነበር፤ እርሱ ግን የ2018ቱ የአቧራ ማዕበል ዝም እስኪያሰኘው ድረስ ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። ተማሪዎቼን ስጠይቅ የኪዩሪዮሲቲን ማረፍ የሚያሳየውን ቪዲዮ ያላየ የለም፤ ስለ ግራጫው ዱቄት ግን የሰማ አላገኘሁም።

ነርሱ፦
የዱቄቱን ፎቶግራፍ አሁን ፈልጌ አየሁት። የሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ፣ ዙሪያው ግራጫ፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ቀይ። ይህን ያህል ዓመት ሳላየው መቆየቴ አሳዘነኝ።

ክርክሩን ያነሳው፦
እኔም የማላውቀው ነገር ነው፤ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ «ድንጋይ ለመመርመር» ብዬ አላቃልለውም ነበርና ያን አነጋገር ትቼዋለሁ። የወጪውን ጥያቄ ግን ገና አልተውኩትም።