የቀለጠ የኮርማ ዘር ቶሎ የሚቆመው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ተማሪ፣ ዳንግላ
ሰላም ለሁላችሁ። የእንስሳት ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በፈሳሽ ናይትሮጂን ቀዝቅዞ የተቀመጠ የኮርማ ዘር ላይ ነው። ስትሮውን (ዘሩ የታሸገበትን ቀጭን ቱቦ) በ37 ዲግሪ ውሃ አቅልጬ ጠብታዋን በማይክሮስኮፕ ሳይ ስፐርሞቹ ሽው ይላሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን አብዛኞቹ ቀጥ ይላሉ። አማካሪዬ «የፕሮቲን ፎስፎሪሌሽንን አንብቢ» አለኝ። አነበብኩ፤ ከጅራት መወዛወዝ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አልገባኝም። ሞተው ነው ወይስ ደክመው? እባካችሁ።

መልስ፦ አዳቃይ ቴክኒሻን፣ እንጅባራ
እህቴ፣ መጀመሪያ ስላይድሽ ሞቆ ነበር? እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ራሱ በረዶ ነው። እሱ ላይ የወደቀ ዘር ወዲያው ይዝላል። ስላይዱንም መሸፈኛውንም 37 ዲግሪ ላይ አሙቂና ድገሚው። ሞቱን ከድካሙ ለመለየት ኢዮሲን ኒግሮሲን የሚባለውን ቀለም ቀቢ። ሮዝ የሆነው ሞቷል፣ ነጭ የቀረው በሕይወት አለ።

መልስ፦ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር
የአዳቃዩን ምክር አስቀድሚ። ወደ ጥያቄሽ ልምጣ።

ፎስፎሪሌሽን ማለት ኤቲፒ ከሚባለው የሕዋስ የጉልበት ስንቅ ላይ ፎስፌት ወስዶ ፕሮቲን ላይ መለጠፍ ነው። ለጣፊው ካይኔዝ፣ የሚያነሣው ፎስፋቴዝ ይባላል። ስፐርም ዲኤንኤው ተጠቅጥቆ ስለታሸገ እንደ ሌላ ሕዋስ አዲስ ፕሮቲን እየሠራ ራሱን አይቀይርም። በያዘው ስንቅ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ያሉትን ፕሮቲኖች በፎስፌት ማብራትና ማጥፋት ለእሱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ላሳይሽ። ከቄራ የመጣ የኮርማ ቆለጥ ላይ የኤፒዲዲሚሱን (ስፐርም የሚጠራቀምበትን ቱቦ) ጫፍ ሰንጥቄ፣ ወተት የመሰለውን ፈሳሽ ሳላቀጥን አየሁት። ስፐርሙ ጢም ብሏል፣ ግን ፀጥ። ባይካርቦኔት ያለበት ሞቅ ያለ ቡፈር (የአሲድነትን ልክ የሚጠብቅ ፈሳሽ) ስጨምርበት ጅራቱ ሁሉ ተነሣ! እዚያ ውስጥ ፈሳሹ አሲድነት ስላለው ጉልበታቸውን ቆጥበው ተኝተው ነበር።

ባይካርቦኔቱ ሲገባ በስፐርሙ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል መልእክተኛ ሞለኪውል ይሠራል። እሱ ፒኬኤ የሚባለውን ካይኔዝ ይቀሰቅሳል። ፒኬኤ የጅራት ፕሮቲኖች ላይ፣ ሴሪንና ትሪዮኒን በተባሉት አሚኖ አሲዶች ቦታ፣ ፎስፌት ይለጥፋል። ያኔ ዳይኒን የሚባለው ሞተር ኤቲፒ እየበላ ጅራቱን ያወዛውዛል። ታይሮሲን በተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ላይ የሚሆነው ፎስፎሪሌሽን ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ስፐርሙ በላሚቱ የመራቢያ አካል ውስጥ ለማዳቀል ሲዘጋጅ። እንቁላሉ አጠገብ ጅራቱን እንደ ጅራፍ የሚያስጮኸው ደግሞ የካልሲየም መግባት ነው።

ያንቺ ስፐርም ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ሽፋኑ ተጎድቷል። ካልሲየም ያለ ሰዓቱ ይገባል፣ ዝግጅቱ ያለ ሰዓቱ ይጀመራል። ኤቲፒ አምራቹ ማይቶኮንድሪያም ስለሚጎዳ ኤቲፒ ይቀንሳል። ኤቲፒ ካነሰ የሚለጠፍ ፎስፌትም፣ ለሞተሩ የሚሆን ጉልበትም የለም። ስለዚህ ከሞቱት ጎን የደከሙም ይኖራሉ።

ተማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አሁን ገባኝ። ካፌይን ብጨምርበትስ ይነሡ ይሆን?

መልስ፦ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር
ካፌይን ሳይክሊክ ኤኤምፒን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚገታ እንቅስቃሴ ይጨምራል። ለማነጻጸሪያ አንድ ቱቦ ላይ ሞክሪው። የገበሬ ላም ውስጥ ለሚገባ ዘር ግን እንዳታስቢው። ያለችውን ጉልበት ቶሎ ያስጨርሰዋል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ደብረ ማርቆስ
የቀለጠ ዘር ቶሎ መድከሙ መስክ ላይ ብዙ ላም ሳታረግዝ ያስቀራል። ቴክኒሻኑ በር ላይ ስትሮ ያቀልጣል፣ ላሚቱ ገና ከግጦሽ አልመጣችም። መጀመሪያ ላሚቱ ትታሰር፣ ከዚያ ይቅለጥ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይግባ። ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም ማታ፣ ማታ የፈለገች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል።

ተማሪዋ፦
ስላይዱን አሙቄ ደገምኩት። ግማሽ ሰዓት አልፎ ገና የሚሄዱ አሉ! ኢዮሲኑን ነገ እቀባለሁ፣ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።