አዲሱ ረድፍ ታዮል ነው ወይስ ፖታሲየም?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች። በአንድ ጫፉ ሜቶክሲ፣ በሌላው ሃይድሮክሲል ያለበትንና አማካይ ክብደቱ 2000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ የሆነውን ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ወስጄ ሃይድሮክሲሉን ወደ ታዮል (የሃይድሮክሲሉ ኦክስጅን በሰልፈር ወደተተካበት ቡድን) ለመለወጥ እየሠራሁ ነው፤ ዓላማዬም ፖሊመሩን 30 ናኖሜትር ዲያሜትር ባላቸው የወርቅ ናኖቅንጣቶች ላይ ማሰር ነው። ምርቱን በማልዲ (ሞለኪውሎችን በሌዘር አስነሥቶ በክብደታቸው በሚለይ) ማስ ስፔክትሮሜትር ሳስለካው፣ በአንድ ተደጋጋሚ ክፍል ክብደት፣ ማለትም በ44 ዳልተን ልዩነት ከሚደረደሩት የመነሻው ፖሊመር ፒኮች (የክብደት ምልክቶች) እያንዳንዳቸውን በ16 ዳልተን ገደማ የሚበልጥ ሌላ ረድፍ ታየ። ኦክስጅን በሰልፈር ሲተካ የሚጠበቀው ጭማሪ 15.977 ስለሆነ፣ ለውጡ በከፊል ተሳክቷል ማለት እችላለሁን? ፖሊመሩ ከታሰረ በኋላስ በአንድ ቅንጣት ላይ ስንት ሰንሰለት እንዳለ በዚሁ መሣሪያ ማወቅ ይቻላልን?

ምላሽ 1፦
በዚህ ማስረጃ ብቻ አይቻልም። ይህ ፖሊመር በማልዲ የሚታየው ከአንድ የብረት አዮን ጋር ተጣብቆ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አዮኑ ሶዲየም ቢሆንም፣ ከብርጭቆ ዕቃና ከማሟሟያ የሚገባ ፖታሲየም በቀላሉ አብሮ ይገኛል። የሁለቱ አዮኖች የክብደት ልዩነት ደግሞ 15.974 ነው። ስለዚህ 44 ተደጋጋሚ ክፍሎች ያሉት፣ ምንም ያልተለወጠው ፖሊመር ከፖታሲየም ጋር 2008.143 ላይ ሲወድቅ፣ ታዮሉ ከሶዲየም ጋር 2008.146 ላይ ይወድቃል። ይህ ከሚሊዮን ሁለት ክፍል የማይሞላ ልዩነት በመሆኑ በተለመደው የማልዲ መሣሪያ ላይ ልተማመንበት አልደፍርም።

መፍትሔው አዮኑን መለወጥ ነው። ከማትሪክሱ (ናሙናው ከሚደባለቅበት፣ የሌዘሩን ብርሃን ከሚውጠው ንጥረ ነገር) ጋር የሲዚየም ጨው በበቂ መጠን ቢጨምሩ ዋነኞቹ ፒኮች በሙሉ ወደ ሲዚየም ይዛወራሉ፤ የ16ቱ ጭማሪ ከዚያም በኋላ ከቀጠለ ፖታሲየም አይደለም ማለት ነው። ከዚህ ይበልጥ የማምነው ግን ናሙናውን ከአዮዶአሴታማይድ ጋር ማዋሃድ ነው፤ ታዮል ያለው ረድፍ በ57.02 ዳልተን ሲገፋ ሃይድሮክሲሉ ባለበት ይቀራል። 4000 ዳልተን አካባቢም ይመልከቱ፤ ታዮሎች በአየር ኦክስጅን ሁለት ሁለት እየሆኑ ዳይሰልፋይድ (በሁለት ሰልፈር የተያያዘ ጥንድ) ይሠራሉና።

ምላሽ 2፦
ሁለተኛውን ጥያቄ በተመለከተ፣ ባለ 30 ናኖሜትር የወርቅ ቅንጣት 0.27 ፌምቶግራም ገደማ፣ ማለትም ከ160 ሚሊዮን ዳልተን በላይ ስለሚመዝን ማልዲ ሙሉውን አያስነሣውም፤ የሚያሳየው የተነቀሉ ሰንሰለቶችንና ጥቃቅን የወርቅ አዮኖችን ነው። ሃያ አምስት የወርቅ አተሞችና ዐሥራ ስምንት ታዮሎች ብቻ ያሏቸው፣ 7,400 ዳልተን ገደማ የሚመዝኑ ክላስተሮች (ጥቃቅን የአተም ስብስቦች) ግን ሳይፈርሱ ይለካሉ። በነገራችን ላይ፣ በ2002 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ ትልልቅ ሞለኪውሎችን በሌዘር ለማስነሣት የተጠቀመው ግሊሰሪን ውስጥ የተበተነ እጅግ የላመ የኮባልት ዱቄት ነበር፤ ናኖቅንጣትና ማስ ስፔክትሮሜትሪ ከመጀመሪያው የተሳሰሩ ናቸው።

ለእርስዎ ሥራ የሚስማማው በፕላዝማ (ናሙናውን ወደ አተም አዮኖች በሚበትን እጅግ የጋለ ጋዝ) የሚሠራው አይሲፒ ማስ ስፔክትሮሜትር ነው። ናሙናው ቅንጣቶች አንድ በአንድ እስኪገቡ ድረስ ቀጥኖ ሲለካ የእያንዳንዱ የወርቅ ክብደት ይገኛል፤ ለማነጻጸሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም ያዘጋጀው ባለ 60 ናኖሜትር የወርቅ ናሙና ያገለግላል። የሰንሰለቱ ብዛት የሚታወቀው በሰልፈሩ ነው፤ እያንዳንዱ ሰንሰለት አንድ ሰልፈር አለውና። በአንድ ቅንጣት ላይ ያለው ሰልፈር ግን ለዚህ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ የወርቅና የሰልፈር ምጥጥን የሚለካው ሁሉም በአንድነት በአሲድ ከሟሟ በኋላ ነው።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ሰልፈርን ስለካ መጠንቀቅ ያለብኝ በምንድን ነው?

ምላሽ 2፦
በሁለት ነገር። የኦክስጅን ሞለኪውል አዮን እንደ ሰልፈር 32 ላይ ስለሚወድቅ፣ ሰልፈሩን ከኦክስጅን ጋር አዋህዶ 48 ላይ የሚለካ ባለ ሦስት ኳድሩፖል (አዮኖችን በክብደት እያጣራ በመካከል ከጋዝ ጋር የሚያዋህድ) መሣሪያ ይፈልጉ። ሁለተኛ፣ ያልታሰረ ፖሊመር ፈሳሹ ውስጥ ከቀረ እንደታሰረ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቅንጣቶቹን በሴንትሪፉጅ እያዘቀጡ ደጋግመው ይጠቡ፣ የመጨረሻውንም እጣቢ ለብቻው ያስለኩ። እጣቢው ውስጥ ሰልፈር እየታየ ከሆነ ምጥጥኑን አያስሉ።