ማሪዮ ቴኒስ ሴቭ አያደርግልኝም

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከመርካቶ የተገዛ ጌም ቦይ ከለር (በእጅ የሚያዘው የኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻ) አለኝ፣ ከማሪዮ ቴኒስ ካሴት ጋር። ከጌሙ ተጫዋቾች አሌክስን ይዤ ጌሙ ላይ ባለው የቴኒስ አካዳሚ ውስጥ ከጁኒየር ክፍል ጀምሬ ሌቭሉን ስንት ለፍቼ ከፍ አድርጌ ሳጠፋው ሁሉም ድራሹ ይጠፋል። ምን ይሻላል?

አራዳ፦
ወንድሜ፣ ካሴቱ ውስጥ ትንሽ ክብ ባትሪ አለች። ሴቩን የምትይዘው እሷ ናት። ጌሙ በ2000 እ.ኤ.አ. ጃፓን የወጣ ነው፣ ባትሪዋ አልቃ ይሆናል። ተበይዳ ስለተያዘች በጉልበት እንዳትነቅላት! እዚያው ፒያሳ ጎበዝ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ውሰደው።

ካዛንቺስ፦
ልክ ነው። ሲሠራልህ ሌላዋን ተጫዋች ኒናንም ሞክራት። ሌቭል ስትጨምር ነጥቡን የት እንደምታውለው አስብበት፤ እኔ ፍጥነት ነው የማስቀድመው፣ ኳሷ ጋ ካልደረስክ ኃይል ምን ይሠራል? የ2005ቱን (እ.ኤ.አ.) ማሪዮ ቴኒስ ፓወር ቱር ግን እንዳትገዛ፣ የጌም ቦይ አድቫንስ ነው፣ ከለር ላይ አይሠራም።

የፒያሳ ልጅ፦
ኑሩልኝ! ነገውኑ አስከፍተዋለሁ።