አዩታያን በአንድ ቀን፦ ለሥራ አመራር ኮሚቴው የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ ውይይት

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባንኮክ የምንኖር የኢትዮጵያውያን ማኅበራችንን የዘንድሮ ጉዞ ወደ ጥንቷ የታይላንድ መዲና ወደ አዩታያ ለማድረግ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ ተወያይተን እንጨርሰው። እስካሁን የተስማማንበት ይሄ ነው፦ ከባንኮክ ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጠዋት ወጥተን ማታ እንመለሳለን፤ የምንሄደውም ከማናውቀው ቡድን ጋር ተደባልቀን ሳይሆን የራሳችንን መኪና ተከራይተን ነው። ቀኑ፣ የምናያቸው ቦታዎችና ምሳው ገና አልተወሰኑም። ልጆችና ለሕክምና የመጡ እንግዶች አብረውን ስላሉ እነሱን እያሰባችሁ ጻፉ። ኮሚቴው የሚፈልገው አጭር ጽሑፍ ነው።

ገንዘብ ያዡ፦
ቀኑን በተመለከተ ከጥምቀት በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ቅዳሜ አቀርባለሁ። የገና ጾም ያልፋል፣ ዐቢይ ጾም አይገባም፣ እሑድ የሚያስቀድስም አይቸገርም። አየሩም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው የሚሻለው። ሚያዝያ ላይ እዚያ ጡብ መሃል ሕፃን ይዞ መዞር የማይታሰብ ነው፤ መስከረምና ጥቅምት ደግሞ ወንዙ ይሞላል። በ2011 በፈረንጆቹ ጎርፉ ፍርስራሾቹ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ያኔ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ።
መዋጮው ለአዋቂ እኩል፣ ለልጅ ግማሽ ይሁን። ለሕክምና የመጡት እንግዶች ግን ምንም አይጠየቁ። የእነሱን ድርሻ ከማኅበሩ ካዝና እንሸፍን፤ ሰው በሰው አገር ታሞ ሳለ የመኪና ክፍያ ይጠየቅ አልልም።

አስተርጓሚው፦
ቀኑም መዋጮውም ተስማምቶኛል። የራሳችን መኪና የሚለውን በጣም እደግፋለሁ። እኔ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ከወገኖቻችን ጋር ነው የምውለው፤ ከሕክምና ያገገመ ሰው ሲደክመው እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። የተደባለቀ ጉብኝት ሰዓቱ የተቆረጠ ነው፣ አንድ ሰው ልቀመጥ ቢል የሚጠብቀው የለም። በራሳችን ቫን ከሆነ የደከመው ሰው ማቀዝቀዣው እየሠራለት ያርፋል፣ ሌላው ይጎበኛል።
ስትከራዩ ግን የሚነገራችሁ የቀን ዋጋ ብዙ ጊዜ ነዳጅንና የፈጣን መንገድ ክፍያን አይጨምርም። ሹፌሩ ከስንት ሰዓት በላይ ከቆየ እንደሚያስጨምርም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሰዓቱን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር አትንገሩት። እኛ ጠዋት 12፡30 እንነሣ ብንባባል ለሹፌሩ የሚጻፈው 6፡30 ነው። በዚህ ምክንያት መንገድ ላይ ቆሞ የቀረ ሰው አይቻለሁ።

የወጣቶች ተወካይ፦
ባቡሩንም አስቡት። ከክሩንግ ቴፕ አፒዋት ጣቢያ አዩታያ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው፤ ሦስተኛ ማዕረጉ ደግሞ በጣም ርካሽ ነው። ከጣቢያው ወጥቶ ትንሽ እንደሄዱ የፓሳክን ወንዝ በጀልባ መሻገር ይቻላል፤ እዚያ አካባቢ ብስክሌት ይከራያል። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ለብስክሌት ትመቻለች። ወጣቶቹ በባቡር ሄደን እዚያ ብንገናኝ በቫኖቹ ውስጥም ቦታ ይገኛል።
የሚጎበኙ ብዬ ሰባት ቤተ መቅደስ ዘርዝሬ ለጸሐፊዋ ልኬያለሁ። ባንግ ፓ ኢን ያለው የነገሥታቱ የበጋ ቤተ መንግሥትም መንገድ ላይ ስለሆነ ይጨመር።

ጋሽ መምህር፦
ልጆቼ፣ ዝርዝሩን አየሁት። በአንድ ቀን ሰባት ቤተ መቅደስና አንድ ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ማታ ላይ አንዱን ከአንዱ አይለይም፤ ሁሉም ቀይ ጡብ ይሆንበታል። አራት ቦታ ይበቃናል። እኔ የመረጥኋቸው የከተማዋን ታሪክ ተከትዬ ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።
ንጉሥ ኡ ቶንግ አዩታያን በ1350 ገደማ ሲቆረቁራት ቻኦ ፕራያ፣ ሎፕቡሪና ፓሳክ የሚባሉት ወንዞች የሚገናኙበትን ቦታ መርጦ ነው። ውኃው ዙሪያዋን ስለከበባት ደሴት ሆነች፤ ወንዙ ምሽግም የገበያ መንገድም ሆነላት። ከ400 ዓመት በላይ 33 ነገሥታት ተፈራረቁባት። በ1767 የበርማ ጦር ከረጅም ከበባ በኋላ ገብቶ አቃጠላት። ኋላ ባንኮክ ስትሠራ ከፍርስራሿ ጡብ እየተነቀለ በጀልባ ተጭኖ ወረደ። ስለዚህ እኛ የምንኖርባት ከተማ ከአዩታያ ገላ ነው የተሠራችው።
መጀመሪያ ዋት ማሃታት እንሂድ (ዋት ማለት ቤተ መቅደስ ነው)፤ የዛፍ ሥር ያቀፈው የቡድሃ ራስ ያለው እዚያ ነው። መንገዱን እንደተሻገርን ዋት ራቻቡራና አለ። ይሄን ለልጆቹ በደንብ አስረዷቸው። በ1424 ንጉሡ ሲሞት ሁለቱ ታላላቅ ልጆቹ ለዙፋኑ በዝሆን ላይ ሆነው ተጋጠሙና ሁለቱም ሞቱ። ሦስተኛው ነገሠና ለወንድሞቹ መታሰቢያ ይህን አሠራ። በ1957 ሌቦች ከማማው ሥር ያለውን ክፍል ሰብረው ብዙ ወርቅ ዘረፉ። ከሌቦቹ የተረፈው ወርቅ፣ ሰይፉም ትንሿ የወርቅ ዝሆንም፣ አሁን በቻኦ ሳም ፕራያ ሙዚየም ነው ያለው። ሙዚየሙ የተሰየመው በዚያው በሦስተኛው ልጅ ስም ነው። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ሙዚየሙ ውስጥ ብንሆን ሁለት ነገር አገኘን ማለት ነው።
ከዚያ በፊት የቤተ መንግሥቱ ቤተ መቅደስ የነበረው ዋት ፕራ ሲ ሳንፔት ይታያል። ተራ ገብተው የቆሙት ሦስት ቼዲዎች (የደወል ቅርጽ ያላቸው ማማዎች) የነገሥታት አመድ ያረፈባቸው ናቸው። ቁመቱ 16 ሜትር የሆነ በወርቅ የተለበጠ ሐውልት ነበረው፤ በርማዎች ወርቁን አቅልጠው ወሰዱት። የመጨረሻው ከወንዙ ማዶ ያለው ዋት ቻይዋታናራም ይሁን፤ ወደ ማታ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነው የሚያምረው።
እኔ ይህን ጉዞ አጥብቄ የምሻበት ምክንያት አለኝ። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን የፋሲልን ግንብ የሚያውቁት በፎቶ ነው። ቻይዋታናራም ግንባታው የተጀመረው በ1630 ነው፤ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆረው በ1636። ፖርቱጋሎች አዩታያ የደረሱት በ1511፣ መልእክተኞቻቸው እኛ ዘንድ ልብነ ድንግል ጋ የደረሱት በ1520። ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነትን ተቀበለ፣ አገሩ በደም ታመሰ፣ በ1632 ዙፋኑን ለፋሲል ለቀቀ፣ ፋሲልም ኢየሱሳውያንን አስወጣ። እዚህ ደግሞ በ1685 የሉዊ 14ኛ መልእክተኛ መጥቶ ንጉሥ ናራይን ካቶሊክ እንዲሆን ሲጠይቀው ናራይ በጨዋ ቃል እምቢ አለ። ቢሆንም ግሪካዊው ባለሟሉ ኮንስታንቲን ፎልኮንና ፈረንሳዮቹ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ እጃቸው ረዝሞ ነበርና በ1688 መኳንንቱ ተነሡ፤ ፎልኮን ተገደለ፣ የፈረንሳይ ጦር ከአገር ወጣ። ሁለት ነገሥታት፣ ሁለት ሩቅ አገር፣ አንድ ዓይነት ፈተና። ይህን እዚያው ግንቡ ሥር ቁጭ አድርጌ ለልጆቹ ልንገራቸው፤ ግማሽ ሰዓት ስጡኝ።

ጸሐፊዋ፦
ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓቱ ተይዟል። እንደውም ረቂቁ ውስጥ በግልጽ ይግባ። ፖርቱጋሎች ይኖሩበት የነበረውን መንደርስ? ከዚህ ታሪክ ጋር ይሄዳል ብዬ ነው።

ጋሽ መምህር፦
ይሄዳል። ከከተማዋ በስተ ደቡብ የሳን ፔትሮ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ፤ የሟቾቹ አጽም ተቆፍሮ እንደተገኘ ነው የሚታየው። እኔ ብቻዬን ብሆን እሱን አላልፍም ነበር።

የእናቶች ተወካይ፦
አጽም ለሕፃናት አይሆንም ጋሼ፣ ሌሊት አያስተኙንም። ይቅር።
እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የቡድሃው ራስ ጋ ሰው ሁሉ ተንበርክኮ በፎቶ አይቻለሁ። እኛስ እንደዚያ ማድረግ አለብን? ከልጆች ጋር ነን፣ እዚያ ደርሰን ከምንደናገር አሁኑኑ እንነጋገርበት። ምሳውም ያሳስበኛል፤ ቅዳሜ ጾም ባይሆንም የአሳማ ሥጋ የማንበላ ብዙ ነን።

አስተርጓሚው፦
እትዬ፣ ማንም ስገዱ አይላችሁም። ራሱ ያለው ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ሥሩ መሃል ነው። ፎቶ የሚነሣ ሰው ራሱ ከቡድሃው ራስ በላይ እንዳይሆን ዝቅ በል ይባላል፤ ቁጢጥ ማለት ይበቃል። ቁጢጥ ማለት ያልፈለገ ፎቶውን ይተወዋል እንጂ ማየት አይከለከልም። በሰው ቤት የቤቱን ደንብ እንደማክበር ቁጠሩት።
ከዚህ የባሰ የሚያስቀይማቸው ሌላ ነገር አለና ልጆቹን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ግቢው ውስጥ አንገታቸው የተቆረጠ ሐውልቶች በረድፍ ተቀምጠዋል። ከኋላ ሆኖ የራስን ፊት በተቆረጠው አንገት ላይ አድርጎ ፎቶ መነሣት እንደ ትልቅ ንቀት ይቆጠራል። ጡቡ ላይ መውጣትም ክልክል ነው። ልብሱ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ይሁን።

የእናቶች ተወካይ፦
ተባረክ፣ አሁን ገባኝ። ልብሱ እንደዚያ ከሆነ የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው እንልበስ፤ ከማንም የበለጠ የተሸፈንን እኛ እንሆናለን። ግን እግራችን ጠፍጣፋ ጫማ ይሁን፣ ለእንግዶቻችንም ጃንጥላ ይያዝ። እዚያ ሜዳ ላይ ጥላ የለም።

ነጋዴዋ እህት (ፕራቱናም)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምሳውን ለእኔ ተዉልኝ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ሐላል ነው የምንበላው፤ አዩታያ ደግሞ የቆየ ሙስሊም ሕዝብ ያለባት ከተማ ናት። ከኢራን ከቆም ከተማ የመጡት ሼኽ አሕመድ በነገሥታቱ ዘመን ትልቅ ሹመት ላይ ደርሰው እዚያው ነው ያረፉት፤ መቃብራቸው ዛሬ የከተማዋ ራቻባት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ሐላል ምግብ ቤት ከበላን የአሳማው ጥያቄ ለሁላችንም ተዘጋ ማለት ነው። የወንዝ ፕራውኑ (ትልቁ ሽሪምፕ) እንደ እጅ የሚተልቅ ነው፣ የሚወድ ያዛል። የማይበላ ሩዝና ዓሣ አለለት። ከእንስሳ የወጣ ምንም ነገር የማይነካ ካለ "ጄ" ብሎ ይዘዝ፤ ቢጫ ባንዲራ የሰቀለ ቤት ሁሉ ይገባዋል።
በመጨረሻ ሮቲ ሳይ ማይ ሳንገዛ አንመለስም። ከከተማዋ ሆስፒታል ፊት ለፊት ሱቆቹ ተደርድረዋል። ቂጣው ስስ፣ አረንጓዴም ሌላም ቀለም ያለው ነው፤ ሲነካ ይለጠጣል። ከረጢት ውስጥ እንደ ፀጉር የተፈተለ ስኳር አብሮ ይሰጣል። ቂጣውን መዳፍህ ላይ ዘርግተህ ስኳሩን ቆንጥረህ መሃሉ ታስቀምጥና ትጠቀልለዋለህ። ልጆቹ መኪና ውስጥ ራሳቸው እየጠቀለሉ ይመጣሉ።

የወጣቶች ተወካይ፦
አራቱን ቦታ ተቀብለናል፣ ባንግ ፓ ኢንም ይቅር። ለልጆቹ ግን ዝሆን መጋለብ አይካተትም?

የእናቶች ተወካይ፦
እኔ አልስማማም። በዚያ ፀሐይ ወንበር ተጭኖበት አስፋልት ላይ ሲመላለስ አይቼዋለሁ፤ ልጆቼን እዚያ ላይ አላወጣም።

ገንዘብ ያዡ፦
እኔም ለዚያ ገንዘብ ባናወጣ ይሻላል። ገንዘቡ ለአስጎብኚ ይሁን። ፈቃድ ያለው፣ እንግሊዝኛ የሚችል አንድ አስጎብኚ ለግማሽ ቀን ይበቃናል፤ ጋሽ መምህርና አስተርጓሚያችን ይሞሉበታል። መግቢያ በየቦታው ለየብቻ ስለሚከፈል ጥሬ ገንዘብ እኔ ይዤ በአንድ ላይ እከፍላለሁ፤ በር ላይ እያንዳንዱ ቦርሳውን ሲፈትሽ ጊዜ ይሄዳል።

ጸሐፊዋ፦
የተነገረውን አሰባስቤ ረቂቁን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦
«ማኅበሩ ከጥምቀት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ወደ አዩታያ የአንድ ቀን ጉዞ እንዲያደርግ እንጠይቃለን። ሁለት ቫን ከነሹፌሩ፣ ነዳጅና የመንገድ ክፍያ ተጠቃሎ፣ ለማኅበሩ ብቻ ይከራያል፤ ጠዋት 12፡30 መነሻ ነው። በባቡር የሚመጡ ወጣቶች 3፡30 ላይ ዋት ማሃታት በር ላይ ይጠብቁናል። በዋት ማሃታት፣ በዋት ራቻቡራናና በዋት ፕራ ሲ ሳንፔት ጠዋቱን እናሳልፋለን። ምሳ በሐላል ምግብ ቤት ነው፤ ከምሳ በኋላ የቻኦ ሳም ፕራያ ሙዚየም ይጎበኛል። ከ10 ሰዓት ጀምሮ በዋት ቻይዋታናራም ቆይተን በዚያው ለልጆች የግማሽ ሰዓት የታሪክ ትምህርት በአማርኛ ይሰጣል። የዝሆን ግልቢያ አይካተትም። ለሕክምና የመጡ እንግዶች መዋጮ አይከፍሉም፤ ልጆች ግማሽ ይከፍላሉ። ደንብና አለባበስ ከጉዞው በፊት ለሁሉም ይነገራል።»
የሚስተካከል ካለ እስከ ነገ ማታ።

አስተርጓሚው፦
አንድ ቃል ብቻ ጨምሪበት፦ ሕመምተኛ ያለበት ቫን ከየትኛውም ቦታ ቀድሞ የመመለስ መብት ይኑረው፤ ሌላው ሁሉንም ጨርሶ ይመጣል። የሹፌሮቹን የጉዞ ሰዓትና የቦታ ዝርዝር በታይኛ ጽፌ እሰጣችኋለሁ።

ጋሽ መምህር፦
ለልጆቹ ካርታ አዘጋጃለሁ፤ በአንድ ገጽ ላይ አዩታያና ጎንደር። ረቂቁን ደግፌያለሁ።

ነጋዴዋ እህት (ፕራቱናም)፦
ደግፌያለሁ። ምግብ ቤቱን በዚህ ሳምንት ደውዬ እይዛለሁ፤ ስንት ሰው እንደሆንን እስከ ሐሙስ ንገሩኝ።

ጸሐፊዋ፦
የአስተርጓሚያችን ሐሳብ ገብቷል። ስም ማስመዝገብ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ በኩል ነው፤ ባቡር የሚመርጥ ከስሙ ጎን ይጻፍ።