ጥቆማ፦ ለኃይለኛ ወንዝ የሚሆን ፓክራፍት የቱ ይሻላል?

መንገደኛ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ በአየር የሚነፋ ጀልባ ልገዛ ነው። ሁለት ቀን በእግር ተሸክሜው ሄጄ ነው ወንዙ ጋ የምደርሰው። ወንዙ ድንጋያም ነው፤ ከ6ቱ የወንዝ ደረጃዎች 3ኛው። ቶሎ የማይቀደድ የቱ ነው?

መቅዘፊያ፦ አልፓካ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን። ሌላ አታስብ ወንድሜ። ሼሪ ቲንጊ አላስካ ውስጥ ለልጇ ብላ የሠራችው ነው መነሻው። የእኔ ይኸው 12 ዓመቱ።

መንገደኛ፦ እህት ነኝ። የትኛው ሞዴል?

መቅዘፊያ፦ አልፓካ አልኩሽ እኮ።

ካልሲዬ ረጥቧል፦ የምትገዢውን ግዢ፣ ዚፕ ያለውን ብቻ እንዳትነኪ! ስሙን አልጠራም፤ የእኔ ዕቃ የሚከተተው አየሩ ያለበት ጎን ውስጥ ነው፣ በዚፕ። ሁለተኛው ቀን ላይ ወንዙ መሀል “እስስስ” ማለት ጀመረ። ዳር ስደርስ ጀልባው እንደ እርጥብ ፎጣ እላዬ ላይ ተጠቅልሏል። ለካ ዚፑ ጥርስ ውስጥ አሸዋ ገብቷል።

ዝምተኛው፦ ዚፑን ቅባት ትቀባው ነበር?

ካልሲዬ ረጥቧል፦ እኔ ቅባት የምቀባው ጸጉሬን ነው።

ዝምተኛው፦ እንግዲያው ዚፑ ምን አጠፋ? አየር የሚይዝ ዚፕ ይጸዳል፣ ይቀባል፣ ጫፉ ድረስ ተገፍቶ ይዘጋል።

ካልሲዬ ረጥቧል፦ አንተ ነህ እንዴ የሸጥክልኝ?

ማዕበል፦ ጠንካራውን የፕላስቲክ ካያክ ግዢና ተገላገይ።

ዝምተኛው፦ አዎ፣ ሁለት ቀን ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማው ትሂድ።

ላባ፦ የእኔ 1 ኪሎ እንኳን አትሞላም። ሐይቅ ላይ እንደ ዳክዬ ነው የምትንሳፈፈው። በጣም ወድጃታለሁ።

ጠጋኙ፦ ኧረ የልጅቷን ጥያቄ መልሱላት! እህቴ፣ ከስሙ በፊት ወለሉን እዪ። ጨርቁ ቲፒዩ፣ ማለትም አየር የማያሳልፍ ፕላስቲክ፣ የተለበጠ ናይለን ይሁን። ጎኑ 210 ዴኒየር ቢሆን ይበቃል፤ ወለሉ ግን 420 ወይም 840 ይሁንልሽ። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል፣ ሸክሙም እንደዚያው። ወለሉ ቀዳዳ ያለው የገባውን ውሃ ራሱ ያፈሳል፣ ግን መቀመጫሽ እርጥብ ነው። ከላይ ሽፋን ያለው ይሞቃል፤ ከሞላ ግን ዳር ወጥተሽ መገልበጥ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከላይ የተሸፈነውን እመርጣለሁ። የጭን ማሰሪያ ካለው፣ ተገልብጠሽ መውጣትን መጀመሪያ የረጋ ውሃ ላይ ተለማመጂ። ላይፍ ጃኬትና ሄልሜት ደግሞ የግድ ነው።

ሌላው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ስታስቀምጪው አየሩ ይሰበሰብና ይልፈሰፈሳል። ተቀደደ ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ ትንሽ ጨምሪበት። ፀሐይ ላይ ስታወጪው ደግሞ አስተንፍሺው። የእኔን የቀደደው ወንዙ አይደለም። ደክሞኝ ዳር ላይ ስጎትተው ጠጠር ነው የበላው። በአልኮል ጠርጌ፣ አድርቄ፣ ቲር ኤይድ የሚባለውን ተለጣፊ መጠገኛ ለጠፍኩበት። እስከ ዛሬ ይዞልኛል።

መንገደኛ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጠጋኙ! ቅባቱ ግን ምን ዓይነት ነው?

ካልሲዬ ረጥቧል፦ አየሽ! ዚፕ ያለውን ልትገዢ ነው።

ላባ፦ እህት፣ በመጨረሻ የቱን ያዝሽ?

ላባ፦ መንገደኛ?

መቅዘፊያ፦ አልፓካ ነው የሚሆነው።