ያገለገለ ስፖርት መኪና፦ ቦክስተር፣ ኤስ 2000 ወይስ ኤምኤክስ-5? ዋጋቸውንና ጤንነታቸውን እንዴት ልመዝን?

ጠያቂ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። ለሥራ የምመላለስባት ካምሪ ስላለችኝ፣ ለቅዳሜና እሑድ ብቻ የምትሆን፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ ባለሁለት ወንበር ማንዋል መኪና ለመግዛት አስቤ ሦስት ለይቻለሁ። የመጀመሪያዋ 84 ሺህ ማይል የሄደች የ2003 ፖርሽ ቦክስተር ኤስ ስትሆን ባለቤቱ 13,500 ዶላር ጠይቋል። ሁለተኛዋ 118 ሺህ ማይል የሄደች የ2005 ሆንዳ ኤስ 2000 ናት፤ ነጋዴው 23,000 ይላል። ሦስተኛዋ የ2008 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ስትሆን 67 ሺህ ማይል ሄዳ 9,000 ተጠይቆባታል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያልገባኝ ነገር፣ አዲስ ሳለች ከሦስቱም ትወደድ የነበረችው ፖርሽ ዛሬ ይህን ያህል ረክሳ፣ ብዙ ማይል የሄደችው ሆንዳ ይህን ያህል ተወድዳ መገኘቷ ነው። ለጥገና የማተርፈው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ወንድሜ ደግሞ ሲሰለችህ አዲስ አበባ ልከህ ትሸጣታለህ ይለኛል። ምክራችሁን እጠብቃለሁ።

ባለመፍቻው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምርና፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2024 ስለከለከለ የወንድምዎን ሐሳብ ከወዲሁ ይተዉት።

የቦክስተሯን ዋጋ ያወረደው በአብዛኛው አንድ ኩሽኔታ ነው። በሞተሯ ውስጥ ከዋናው ዘንግ ኃይል ተቀብሎ ቫልቮላዎቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች የሚያዞር መካከለኛ ዘንግ አለ፤ በካምቢዮው በኩል ያለው የዘንጉ ጫፍ የሚሽከረከረው በዚህ ኩሽኔታ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ኩሽኔታው ባለሁለት ረድፍ ነበር፤ ከ2000 ገደማ እስከ 2005 በተሠሩት በአብዛኞቹ ላይ ግን ከዚያ የሚደክም ባለአንድ ረድፍ ገባ፤ እርስዎ ያዩዋትም ከእነዚህ መካከል ናት። ኩሽኔታው ተበልቶ ሲሰበር መካከለኛው ዘንግ ከቦታው ይናጋል፣ የቫልቮላዎቹ ጊዜ ይዛባል፣ ፒስተንና ቫልቮላ ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው የሙሉ ሞተር ዋጋ ነው። በዚሁ ጉዳይ ከ2001 እስከ 2005 ያሉትን ሞዴሎች የሚመለከት የጋራ ክስ እዚህ አሜሪካ ቀርቦ በ2013 በስምምነት ተቋጭቷል፤ የካሳው ጊዜ ግን ካለፈ ቆይቷል። በዚህ ምክንያት የተበላሹት ከተሸጡት ጥቂቶቹ ሲሆኑ የሚፈራው ግን ገዢው ሁሉ ነው፤ ርካሽነቷ ከዚህ የመጣ ስለሆነ ለጠንቃቃ ገዢ መጥፎ ዜና አይደለም።

ባለቤቱን አስቀድመው የሚጠይቁት ፍሪሲዮን የተቀየረበትን ደረሰኝ ነው። ኩሽኔታው ጋ ለመድረስ ካምቢዮው መውረድ ስላለበት፣ ሥራውን የሚያውቅ ጋራዥ ፍሪሲዮን በቀየረ ቁጥር ይህንንም የኋላውን የዘይት ማኅተምም አብሮ ይቀይራል። ደረሰኙ ላይ ኩሽኔታው በስሙ ካልተጻፈ፣ ባለቤቱ ምንም ቢምል አልተቀየረም ብለው ይነሡ። ቀጥሎ የዘይት ፊልትሮው ወጥቶ የውስጥ ወረቀቱ እንዲቆረጥና እንዲዘረጋ ያድርጉ፤ በእጥፋቶቹ መካከል በባትሪ ሲያዩት የሚያብለጨልጭ፣ ማግኔት የሚስበው ብናኝ ወይም ጥቁር የላስቲክ ቁርጥራጭ ካለ አመስግነው ይሂዱ።

ኮፈን ከፍቼ ሞተሩን አያለሁ ብለው ግን አይድከሙ። ከፊትም ከኋላም ያለው የዕቃ ቦታ ነው፤ ሞተሩ ከወንበሮቹ ጀርባ ተቀብሮ፣ ዘይትና ውሃ የሚሞላው ከኋላው የዕቃ ክፍል ነው። እዚያ ያለውን ምንጣፍ አንሥተው ይዳስሱት፤ እርጥበትና ጣፋጭ ሽታ ካለው የውሃው ፕላስቲክ ታንክ ተሰንጥቋል ማለት ነው። የሾፌሩ ወንበር ሥር ያለውንም ምንጣፍ በጣትዎ ይጫኑት። የጣሪያው የውሃ መውረጃዎች ሲደፈኑ ዝናቡ የሚተኛው እዚያ ሲሆን፣ ቁልፉንና ማንቂያውን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተርም የተቀመጠው እዚያው ወንበሩ ሥር ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ)

ባለመፍቻው ስለ ብረቱ በሚገባ ስላስረዱ እኔ ስለ ገንዘቡ ልናገር። ሻጩ የጠራው ዋጋ የመኪናዋ ዋጋ አይደለም። በዚያ ላይ ለቨርጂኒያ የሚከፈለውን 4.15 በመቶ የሽያጭ ግብር፣ ኢንሹራንሱን፣ ከዚያም በመጀመሪያው ዓመት ሳይወዱ የሚሠሩትን ጥገና ሁሉ ይደምሩ። ቦክስተሯ ካምቢዮ የሚያስወርድ ሥራ ከቀረባት፣ ፍሪሲዮኑንና ኩሽኔታውን ጨምሮ ከ3,000 ዶላር ሊያልፍ ስለሚችል ከማዝዳዋ ጋር መወዳደር ያለባት በ13,500 ሳይሆን በ17,000 ገደማ ነው። አሌክሳንድሪያ ደግሞ እንደ እኛ ካውንቲ በመኪናው ግምት ላይ በየዓመቱ የንብረት ግብር ስለምትጥል፣ የሆንዳዋ መወደድ ሲገዙ ብቻ የሚያልፍ ወጪ አይደለም።

ጎማዎቹንም ይመልከቱ። በጎማው ጎን በታተመው የምርት ቁጥር መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 3514 ከሆነ በ2014 35ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም እንዲህ ያረጀ ጎማ መጣል ስላለበት የአራት ጎማ ዋጋ ከሻጩ ጥያቄ ላይ ይቀነሳል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ዓመታዊ የደህንነት ምርመራ ደግሞ ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማና የመሳሰለውን የሚያይ እንጂ የሞተሩን ሆድ ዕቃ የሚመለከት ስላልሆነ፣ ሻጩ እንደ ጤና ማስረጃ ቢያሳይዎ አይቀበሉት።

የኤስ 2000 ባለቤት (አትላንታ፣ ጆርጂያ)

በእኅታችን ስሌት አንድ ነገር ጎድሏል፤ መኪናዋ ስትሸጥ የምትመልሰው ገንዘብ። ሆንዳ ኤስ 2000ን በ2009 ማምረት አቁሞ ምትክ ስላላወጣ፣ ዋጋዋ ወደ ታች መሄዱን ትቶ ወደ ላይ ከዞረ ቆይቷል።

ያም ሆኖ 23,000 የሚከፈለው ላልተነካች መኪና ነው። ኮፈኑ፣ በሮቹ፣ የጎን ላሜራዎቹና የኋላ ክዳኗ ከፋብሪካ ሲወጡ የሻንሲው ቁጥር ያለበት ትንሽ ወረቀት ተለጥፎባቸው ነው፤ አንዱ ላይ ከጠፋ ያ ላሜራ ተቀይሯል ወይም ቀለም ተቀብቷል። ባለቤቱ ከኪሱ ከፍሎ ያሠራው ግጭት የመኪናን ታሪክ በሚዘረዝረው በካርፋክስ ሪፖርት ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይወጣ እነዚህን ወረቀቶች ከሪፖርቱ ይልቅ ይመኑ። የመኪናውን አቅጣጫ የሚያረጋጋው ኤሌክትሮኒክስ የገባው በ2006 ሲሆን የ2005ቷ ስለሌላት፣ በዝናብ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጀርባዋን የሳተ ሾፌር ብዙ ነው። ሞተሯ በ2004 ወደ 2.2 ሊትር ካደገ በኋላ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ጣሪያ ከ9,000 ገደማ ወደ 8,000 ወርዷል፤ በዘይት ከተጠበቀ ጠንካራ ነው። የሚጎዳው ወደ አራተኛ ማርሽ ሊገባ ፈልጎ ሁለተኛን የሚያስገባ ሾፌር ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ከዙሩ ጣሪያ በላይ እንዲዞር ይገደዳል፤ ጉዳቱን ለማወቅ በየሲሊንደሩ የአየር ማምለጥ ፍተሻ ይደረግ።

ስም ያልጠቀሰ (ሚኒያፖሊስ)

ስለ ማዝዳዋ በአጭሩ፤ የሚያስፈራ የሞተር ጣጣ የላትም፤ ዘይቷን ግን ሳይጎድል መያዝ ግዴታ ነው። መኪናዋ በረዶ ላይ ጨው ከሚበተንባቸው ግዛቶች መጥታ እንደሆነ ከሪፖርቷ አጣሩና፣ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ያለውን የታችኛውን ላሜራ በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉት። ከተሰነጣጠቀ ወይም በስቱኮ ከተሞላ ተዉት።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቱንም አይቼ መጣሁ። የሆንዳዋ ኮፈንና የግራ ጎኗ ወረቀት የላቸውም፤ ነጋዴው በውጭ መካኒክ አላስፈትሽም ብሏል። የኮምፒውተር ማንበቢያ ስሰካባት የስሕተት ኮድ የለም፤ ነገር ግን ራስን የመፈተሽ ሥራዎቹ አብዛኞቹ «አልተጠናቀቀም» ይላሉ። ቦክስተሯ የ2017 የፍሪሲዮን ደረሰኝ አላት፤ ስለ ኩሽኔታው የተጻፈ የለም። ፊልትሮው ንጹሕ ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ግን የዘይት ጠብታ አለ። የማዝዳዋ ላሜራ ጠንካራ ነው፤ ጎማዎቿ የ2013 ናቸው።

ባለመፍቻው

ሆንዳዋን ይርሷት። ፍተሻው ያልተጠናቀቀው ባትሪዋ ተነቅሎ ሊሆን ቢችልም፣ ኮዱን ሰርዞ መብራቱን ያጠፋ ሰው ሥራም ይሆናል፤ ውጭ አላስፈትሽም ከሚል ነጋዴ ጋር ሲደመር ሁለተኛውን እገምታለሁ።

የቦክስተሯ ጠብታ ከኋላው ማኅተም ወይም ከኩሽኔታው መክደኛ ዙሪያ የሚመጣ ነው፤ በሁለቱም ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ መኪናዋ ገና ደኅና ናት፤ ስለዚህ ባለቤቱን ጠብታውን አሳይተው 10,000 ይበሉት፤ እስከ 10,500 ድረስ ከተስማማችሁ ከእሱ ቤት በቀጥታ ወደ ጋራዥ ይውሰዷት እንጂ በጋ ላይ እነዳትና በክረምት አሠራታለሁ አይበሉ። ከዚያ ካልወረደ፣ ለጥገና የሚተርፍዎ ጥቂት ነው ስላሉ የጎማውን ዋጋ አስቀንሰው ማዝዳዋን ይያዙ። የትኛዋንም ቢገዙ፣ ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት የባለቤትነት ወረቀቷን በዓይንዎ አይተው፣ የባንክ ዕዳ እንዳልተመዘገበባትና «ሳልቬጅ» (በከባድ ጉዳት ከጥቅም ውጭ የተባለች) ወይም «ሪቢልት» (ከዚያ በኋላ ተጠግና የተመለሰች) የሚል ማኅተም እንደሌላት ያረጋግጡ።