ወንድምና እህት አብረው ዳቦ ቆሎ ቢሠሩ ይፋቀራሉ ወይስ ይጣላሉ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ደሴ፦
ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ላንሳና እንከራከርበት። ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ እህቱ 9። እሱ የጠዋት ፈረቃ ነው፣ እሷ የከሰዓት። አብረው የሚውሉት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፤ ያኔም በሪሞት ይጣላሉ። ስለዚህ የቅዳሜን የቡና ቁርስ ለእነሱ ተውኩት። ዳቦ ቆሎ ይሠራሉ። ዱቄቱን በጨው፣ በትንሽ በርበሬና በዘይት ጠንከር አድርገው ያሹታል። እሱ ሊጡን እንደ ገመድ ያድቦለቡላል፣ እሷ ሽምብራ ሽምብራ እያሳከለች ትቆርጣለች። እሱ ካላድቦለቦለ እሷ የምትቆርጠው የላትም። ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶቼ ግን "ወንዱን ልጅ ጓዳ አስገባሽው" ይሉኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የአራት ልጆች አባት፣ ኩታበር፦
እህቴ፣ ለክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን አልስማማም። እኛ መተባበርን የተማርነው ከብት ስንጠብቅ ነው። ከወንድሜ ጋር ለሁለት አንድ ቋጠሮ በሶ ይዘን እንወጣለን። እሱ ጥጃ ሲመልስ እኔ በሶውን እበጠብጣለሁ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ልጅ እውነተኛ ሥራ ሲኖረው ይተባበራል፤ ጨዋታ ሲመስለው ሊጥ ይወራወራል። በዚህ ኑሮ ደግሞ ዱቄት መጫወቻ አይደለም።

ወጣት ሴት፣ ኮምቦልቻ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በሶውን የበጠበጡት እርስዎ ወንድ ልጅ አልነበሩም እንዴ? ሜዳ ላይ ያልነወረ ቤት ውስጥ ለምን ይነወራል?
የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። እኛም ቤት "አብራችሁ ሥሩ" ይባል ነበር። በረመዳን ሳምቡሳ እንጠቀልላለን። ወንድሜ አምስት ስድስት ይጠቀልልና "ማሻአላህ፣ እጁ ሲያምር!" ይባልለታል። የቀረው ሁሉ የእኔ ነው። ምስሩን የቀቀልኩት እኔ፣ ሽንኩርቱን የከተፍኩት እኔ፣ ድስቱን ያጠብኩት እኔ። ወላሂ እስከዛሬ ያናድደኛል። እታለም፣ ቡናው ካበቃ በኋላ ዕቃውን የሚያጥበው ማነው? እሱን ንገሪን።

የጤና ባለሙያ፣ ወልዲያ፦
እኔን የሚያስፈራኝ እሳቱ ነው። ማድቦልቦሉ ችግር የለውም፤ መቁረጡም ቢላው ሹል ካልሆነ ይሁን። ምጣዱ ላይ ማመሱ ግን የአዋቂ ሥራ ነው። በዘይት የሚጠበስ ከሆነማ ልጅ ጨርሶ አይጠጋ። ሰው የተቃጠለ ልጁን የጥርስ ሳሙና ወይም ቅቤ ቀብቶ ይዞልን ይመጣል። እባካችሁ ይቅር። ወዲያው ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ቆሎም ሆነ ዳቦ ቆሎ አታስጨብጡት። ትንታ ይገድላል።

አያት፣ ሐይቅ፦
ቢጣሉስ ምን አለበት ልጆቼ? ተጣልተው ሊጡ ሳይቆረጥ ቢቀር ቁርስ የለም። ራባቸው ሲመጣ ይታረቃሉ። ሰባት ያሳደግሁት እንዲያ ነው።

አባት፣ ኩታበር፦
የኮምቦልቻዋ ልጄ፣ የበሶውን ነገር ልክ ነሽ፤ እንዲህ አስቤው አላውቅም። ዱቄቱ ላይ ግን አቋሜ ያው ነው። በሳምንት አንዴ የሚሠራ ነገር ጨዋታ ነው። እኔ ብሆን የየዕለቱን ሥራ አካፍላቸዋለሁ፤ ውሃ መቅዳት፣ ሽሮ መንፋት።

እናት፣ ደሴ፦
እውነቱን ልናገር። ዕቃውን የምታጥበው እሷ ነበረች። አላዘዝኳትም፤ እሱ ይነሳል፣ እሷ ትቀራለች። እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ። ጥያቄው ከመጣ በኋላ አፈርኩ።
ዛሬ ቅዳሜ ነው። ምጣዱን እኔ ያዝኩ። ማካፈሉን ለእሱ ሰጠሁት፣ ቀድማ የምትመርጠው ግን እሷ ናት። ሁለት ሲኒ አሰለፈና አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። ዓይኗን ከእጁ አልነቀለችም። አንዷ ፍሬ ተረፈች። በጥርሱ ለሁለት ሲሰብራት አንደኛው ወገን አነሰ፤ እየሳቀች ትልቁን አነሳች።
ገበታውን እሱ አጠበ። እጅጌውን ሳይሰበስብ ነው ውሃ ውስጥ የገባው፣ እስከ ክርኑ ራሰ። እህቱ መጥታ በደረቅ እጇ ጠቀለለችለት።